ሳይሰካ ሁለት መቶ ሃያ

እትዬ አስካለን ማወቄ ሠላሳ ስታቢላይዘር፣ አንድ በዘይት ቀለም የተጻፈ ታፔላ እና ከአቅራቢዬ ጋር አሥር ዓመት የቆየ ወዳጅነት አስከፍሎኛል። ዋጋውን አስቀድሜ የምናገረው ነጋዴ ስለሆንኩ ነው። ተወደደብኝ ወይስ ረከሰልኝ የሚለውን እናንተ ፍረዱ።

አሁን ሰፈራችን የሉም፤ ባለፈው ወር ሐዋሳ፣ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። አልሞቱም። ይህን ቶሎ የምለው፣ ስለ አንድ ሰው «እንዲህ ነበሩ» ሲባል «ነፍስ ይማር» ለማለት የሚጣደፍ ስለሚበዛ ነው። ትናንት እንኳ ደውለውልኝ ነበር። ጤናቸውን ስጠይቃቸው «የሐዋሳ መብራት ከእናንተው ይሻላል፤ ለክቼዋለሁ» አሉኝ። ጤናቸው ይህ ነው።

ሱቄ ቦሌ ሚካኤል ነው፤ ከቤተክርስቲያኑ ወረድ ብሎ፣ በጭማቂ ቤትና በብረት በር በያጅ መካከል የተሰነቀረ። አምፖል፣ ገመድ፣ ማከፋፈያ፣ የሚዋዥቅ መብራት የሚያረጋ ስታቢላይዘር እና ያገለገለ ቴሌቪዥን እሸጣለሁ። አንድ የክረምት ቀን ጸጉራቸው የሸበተ ቀጭን ሴት፣ ባዶ ፌስታል አጣጥፈው ይዘው ገቡ።

«የሞተ ቴሌቪዥን አለህ?»

«የሞተስ የለኝም እናቴ። ሁሉም የሚሠራ ነው፤ ወላሂ!»

«መሐላውን ተወው። የሚሠራ ይወደድብኛል። የሞተ ነው የምፈልገው።»

ስንት ዓመት ስነግድ ሰው ዕቃህ ሞተብኝ ብሎ ሲጮህብኝ ነው የማውቀው፤ የሞተ ስጠኝ ብሎ የለመነኝ ግን አልነበረም። ከጓሮ አንድ ሬሳ ጎትቼ አወጣሁ። እኔ የአንድ ቴሌቪዥን ዋጋ ጠራሁ፤ እሳቸው የአንድ ኪሎ ዋጋ ጠሩ። ጥቂት ከተጨቃጨቅን በኋላ በኪሎ ተስማማን። ከዚያ ካቻቢቴ ከቦርሳቸው አውጥተው ጀርባውን እዚያው ፈቱት፣ ውስጥ ያለችውን አረንጓዴ ሰሌዳ ብቻ አንስተው ሚዛን ላይ አስቀመጡና «የቀረው ያንተ ነው» አሉኝ። ግማሽ ኪሎ እንኳ አልሞላችም። እኔ ነኝ ነጋዴ ብዬ የኖርኩት!

ሲፈቱ አንድ ነገር አየሁ። ግራ እጃቸው ቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ በቀኝ ብቻ ነው የሚሠሩት። እጃቸውን የታመሙ መስሎኝ «ላግዝዎት?» ስላቸው ሳቁ።

«እጄ ደህና ነው። መብራት በአንዱ እጅህ ገብቶ በሌላው ሲወጣ መንገዱ በልብህ በኩል ነው። አንዱን ኪስ ከከተትከው መንገድ ታሳጣዋለህ።»

«ቴሌቪዥኑ እኮ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«ያንተን ወሬ ብቻ ሰምቼ ልቤን አልሰጥም» አሉ። በኋላ እንዳወቅሁት የሚያሰፉት ቀሚስ ሁሉ በግራ በኩል ጥልቅ ኪስ ይደረግበታል። የበዓል ቀሚሳቸው ጭምር።

እትዬ አስካለ ሲኤምሲ አካባቢ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበሩ። ትምህርት ቤቱ አንድ ኦሲሎስኮፕ ነበረው። ኦሲሎስኮፕ ማለት፣ እሳቸው ለእኔ ባስረዱኝ ቋንቋ፣ ሐኪም ደረትህ ላይ ገመድ ለጥፎ የልብህን ምት በመስመር እንደሚያየው ሁሉ የመብራትን ምት የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ዋጋው ከባድ ስለነበር ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆለፈበት፣ ቁልፉ ርእሰ መምህሩ ኪስ ገባ። ተማሪ እንዳያበላሸው ተብሎ አንድም ተማሪ ሳይነካው ስንትና ስንት ክፍል ተመረቀ። አንድ ቀን እንግዳ ሊጎበኝ መጥቶ ቁም ሳጥኑ ተከፈተ፣ መሣሪያው ተሰካ፣ ጭጭ አለ። ሳይሠራ ተቀምጦ ውስጡ ደርቆ ነበር።

«በእንክብካቤ ሞተ» ይሉ ነበር እትዬ አስካለ። ይህን ሲሉ ብቻ ነው ሳቃቸው ትንሽ የሚመር።

ጡረታ ሲወጡ ታዲያ የማይቆለፍበት መሣሪያ መሥራት ጀመሩ። ባሕር ማዶ ያሉ ሰዎች የመሣሪያቸውን ሥዕልና የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ያወጡታል፤ የፈለገ ይሠራዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ያሻሻለውንም መልሶ ለሁሉም ያወጣዋል። እሳቸው ያንን ሥዕል አውርደው፣ የጠፋውን ዕቃ በተገኘው ተክተው፣ ከእኔ ሬሳዎች በለቀሙት ይሠራሉ። መያዣው የልጆች ምሳ ዕቃ ነው። የመጀመሪያውን ሳየው ክዳኑ ላይ ጥንቸል ነበረበት።

«ሥዕሉን በነጻ የሚሰጠው ሰውዬ ግን ምን ይበላል?» አልኳቸው።

«ያንተን አይበላም፤ አትስጋ።»

እንግዲህ ሰው የሚሰበስብን ነገር ወደ ዕቃ ማስጠጋት የንግድ ሀሁ ነው። የመስኮቱን ጥግ ሰጠኋቸው፤ ጠረጴዛ አስገቡ። ብዙም ሳይቆይ ሱቄ በእሳቸው ሰዎች ተሞላ። ማታ ማታ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ድምፅ ማጉያ የሚገጣጥም የባንክ ሠራተኛ ይመጣል፣ የመኪናውን ሬዲዮ ራሱ የሚፈታ ባለታክሲ ይመጣል፣ ለመዝናናት ብላ ሮቦት የምትሠራ ነርስ ትመጣለች። ለፋብሪካው መሣሪያ አቅም የሌላቸው፣ አምሮቱ ግን ያለቀቃቸው ሰዎች ናቸው። ሕጋቸው አንድ ነው። የሠራኸው መሣሪያ ክዳን ውስጥ ሥዕሉ በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፋል፤ ስህተት ያገኘ ሰው በእስክሪብቶ አርሞ ስሙን ይጽፍበታል።

«ይሄ እኮ» አልኳቸው አንድ ቀን፣ «ሥጋ ቤት ከፍቶ ለደንበኛው ካራውንም በሬውንም መስጠት ነው!»

«ካራውን ብቻ ነው የምሰጠው» አሉ። «በሬው ያንተ ነው። ገመድ የሚገዙት ካንተ አይደል?»

እውነት ነው፤ ከእኔ ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ።

ዝም ብዬ ብቀር ደግ ነበር። ነገር ግን ገበያው ሲደራ ታፔላ አማረኝ። ነገርየው በእንግሊዝኛ «ኦፕን ሶርስ» እንደሚባል ከልጆቹ ሰምቻለሁ። በአማርኛስ ብዬ ብጠይቅ የባንክ ሠራተኛው «ክፍት ምንጭ» ነው አለኝ። ደስ የሚል ቃል ነው፤ እትዬ አስካለን ሳላማክር ጸሐፊ ጠራሁና በሰማያዊ ዘይት ቀለም በትልቁ አስጻፍኩ፦ «ክፍት ምንጭ እዚህ ይገኛል። ለሁሉም። በነጻ።»

በሰፈራችን ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስደርስ ቢጫ ጀሪካን ከሱቄ ደጃፍ ተነስቶ፣ በያጁን አልፎ፣ እስከ ታክሲ መያዣው ተደርድሯል። ቁልፍ አውጥቼ ወደ በሩ ስጠጋ አንዲት ሴትዮ በክርናቸው መለሱኝ።

«ወረፋ አለ የኔ ወንድም! እኛ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ጀምሮ ነን!»

«ሱቁ የእኔ ነው እኮ።»

«ይሁና! ባለቤትም ቢሆን ጀሪካኑን ከኋላ ያሰልፋል።»

ከመሃል አንዱ «ቦኖ ነው ወይስ ጉድጓድ?» አለ። ሌላዋ «ጨው ጨው ይላል እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ ገና ሳትቀምሰው «ኧረ ምንም አይል» ብላ የመለሰችላትም አልጠፋችም።

«ጎበዝ፣ ውሃ የለም» አልኩ። «ምንጭ የተባለው የመሣሪያ ሥዕል ነው።»

«ሥዕል እንድንጠጣ ነው የቀሰቀስከን?»

ነገሩ ወደ ድንጋይ ሊሄድ ሲል እትዬ አስካለ ከታክሲ ወረዱ። ታፔላውን አነበቡ። ሰልፉን አዩ። አንድ ጀሪካን ገልብጠው ተቀመጡበትና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው ሲስቁ ሰዉም አንድ ሁለት እያለ ሳቀ። እንባቸውን ጠርገው ተነሡ።

«ለሁሉም ይቅርታ፤ ጽሑፉን ቀድሜ ሳላነብለት የቀረሁት እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ። ውሃ የለንም። ግን ከመጣችሁ አይቀር መለኪያ አለን። ቤቱ የሚያስቸግረው የመብራት ዕቃ ያለው ያምጣ፤ በነጻ አየዋለሁ።»

ያን ጊዜ ነው ፋጡማ ከሰልፉ የወጣችው። ፋጡማ የአገሬ የወሎ ልጅ ናት፤ ቦሌ ቡልቡላ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ወተትና እርጎ ትሸጣለች። ሦስት ልጅ የምታሳድገው በአንድ ፍሪጅ ነው።

«እትዬ፣ ፍሪጄ ሲያንገራግር ያድራል። ስታቢላይዘር ገዝቼለት እንኳ አልተወም።»

«ፍሪጁ አርጅቶ ነው» አልኩ ቶሎ ብዬ። «ስታቢላይዘሩ ኦሪጅናል ነው፤ ወላሂ!»

«ከማን ገዛሽው?» አሉ እትዬ አስካለ።

ፋጡማ ወደ እኔ አገጯን ጠቆም አደረገች።

ያንኑ ዓይነት ከመደርደሪያ አውርደው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። ከሠላሳው አንዱን ለፋጡማ ሸጬ ሃያ ዘጠኙ ከኋላዬ ተደርድረው ነበር። ደስ የሚሉ ዕቃዎች ናቸው፤ ከባድ፣ የሚያብረቀርቁ፣ ፊታቸው ላይ ቮልት የምታሳይ ቀይ መርፌ ያላቸው። እትዬ አስካለ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ።

«ሰይድ፣ ይሄ መርፌ ሁለት መቶ ሃያ ይላል።»

«ይላል እንጂ! ጥራት ነዋ!»

«ገመዱ ግን እጄ ላይ ነው። አልሰካሁትም።»

ሰው ሁሉ ገመዱን ለማየት ተንጠራራ። ጀሪካኖቹም የተንጠራሩ መሰለኝ።

«ከባለፈው የተረፈ መብራት ይሆናል» አልኩ።

«እንደ ግመል አጠራቅሞ?» አሉ እትዬ አስካለ።

ሳቁ ከበር እስከ ታክሲ መያዣው ተቀባበለ። እትዬ አስካለ አልሳቁም። ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ፣ ስታቢላይዘሩን ሰኩ፣ ባለጥንቸሉን ምሳ ዕቃ በመለኪያ ገመዱ አያይዘው ወደ ሰዉ አዞሩት። ሁለት መስመር ታየ፤ አንዱ ወደ ስታቢላይዘሩ የሚገባው መብራት፣ ሌላው ከእሱ የሚወጣው። ከዚያ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው «በይድልኝ!» ብለው ወደ ጎረቤታችን ጮሁ። በያጁ ብረቱን ሲነካ የሰፈሩ መብራት እንደ ልማዱ አሽቆለቆለ። የሚገባው መስመር አጠረ። የሚወጣውም አብሮት አጠረ። ብየዳው ሲቆም ሁለቱም ተያይዘው ዘለሉ። ቀይዋ መርፌ ብቻ ሁለት መቶ ሃያ ላይ፣ እንደ ዘብ፣ ንቅንቅ አላለችም።

አራት ብሎን ፈቱ። መርፌዋ በሙጫ ተጣብቃለች። ውስጡ ከቡጢ የምታንስ አንዲት ትራንስፎርመር ነበረች። ከጎኗ ለክብደት የተለሰነ ሲሚንቶ።

«ሲሚንቶ!» አለ አንዱ። «ኧረ ሰይድ አትርፎልሻል ፋጡማ፤ የዛሬን የሲሚንቶ ዋጋ አታውቂም?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ካርቶኑን ሳራግፍ መርፌዋን አይቻት ነበር። ሠላሳውም ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመው፣ ገመዳቸው ገና በላስቲክ እንደታሰረ። አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ነጋዴ የማያየውን ነገር መምረጥ ይችላል።

ፋጡማ አልጮኸችም። ብትጮህ ይቀለኝ ነበር።

«ወንድም ሰይድ፣ ስለማልክልኝ ነው የገዛሁት። ፍሪጁ ከተቃጠለ ልጆቼን በምን ላሳድግ ነው?»

ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ። የሰው ልጅ ሲያፍር ቅርብ ያለውን ነው የሚነክሰው።

«እንጀራዬን ዘጉት እትዬ!»

«እኔ አራት ብሎን ነው የፈታሁት።»

«ከነገ ጀምሮ ጠረጴዛዎን ሌላ ቦታ ይፈልጉ!»

«እሺ» አሉ። አልተቆጡም። ምሳ ዕቃውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው «ነይ ፋጡማ፣ ፍሪጅሽን እንየው» ብለው አብረዋት ታክሲ ያዙ።

እኔም ሱቄን ዘግቼ አንዱን ስታቢላይዘር ታቅፌ አቅራቢዬ ጋ ሄድኩ። ሳይሰካ ሁለት መቶ ሃያ እንደሚል አሳየሁት። አገላብጦ አየውና ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«ሳይሰካ ይሄን ያህል ካሳየ፣ ሲሰካማ አስበው!»

በአሥር ዓመት ወዳጅነታችን ይህን ሰውዬ ስንት ጊዜ እንዳመንኩት ቆምኩና አሰብኩ። ለካ እሱም እንደ እኔ ይምላል። ዕቃውን አልመልስም አለኝ፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጥኩም።

ወደ ሱቄ ተመልሼ ታፔላውን ነቀልኩና ካሉኝ ሁሉ ውዱን፣ የታወቀውን ስታቢላይዘር አወረድኩ። ቡልቡላ ስደርስ ቀኑ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። እትዬ አስካለ የፋጡማ ፍሪጅ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ግራ እጃቸው ኪስ ውስጥ፣ ምሳ ዕቃው ጉልበታቸው ላይ፣ መስመሩን ያያሉ። ፋጡማ ቆማለች። ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይሞክራል።

«ሞቷል?» አልኩ።

«ገና ነው። ግን እየተናዘዘ ነው።» ከዚያ የያዝኩትን አዩ። «ይሄንንስ ለክተኸዋል?»

አፌ ወላሂ ሊል ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት።

«አልለካሁትም።»

«ጎሽ። ያልለካኸውን አትማልበት፤ ና ያዝ» ብለው የመለኪያውን ገመድ ሰጡኝ። ግራ እጄን የት ላድርገው ብዬ ግራ ገባኝ፤ በዓይናቸው ሱሪዬን አሳዩኝ። ኪሴ ከተትኩት። እሳቸው ፍሪጁን ባመጣሁት ስታቢላይዘር በኩል ሰኩት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሕንፃው ሁሉ ምድጃውን ይለኩሳል። የሚገባው መስመር ተንቀጠቀጠ፣ አጠረ፣ ተጎሳቆለ። የሚወጣው ትንሽ ደንገጥ አለና ተስተካክሎ ቆመ። ከላይ ምድጃ ሲጠፋ የሚገባው ዘለለ፤ የሚወጣው አሁንም ቆመ። ፋጡማ የምታየውን ባታውቅም መስመሩ እንዳልወደቀ አየች። ፍሪጁ አንዴ ተነፈሰና ረጋ ብሎ መሥራት ጀመረ።

«በስንት ነው?» አለች ፋጡማ በመጨረሻ።

«ከፍለሻል» አልኳት።

ስንወጣ ደረጃው ላይ «ጠረጴዛው ቦታው ላይ ነው» አልኳቸው እትዬ አስካለን።

«አውቃለሁ» አሉ። «እንዲህ በአንድ ቀን የምታወጣው አይደለም፤ ከባድ ነው።»

የቀሩትን ሃያ ዘጠኝ እንዴት እንዳደርጋቸው ስጠይቃቸው አንዱን ከፍተው የመርፌዋን ሙጫ በምላጭ ፋቁት። መርፌዋ ወደ ዜሮ ወረደች። ቆይተው ባትሪ አገናኙላት፤ ተነሣች።

«አየህ? ቆጣሪዋ ደህና ናት። እንዳትናገር ነው ያጣበቋት።»

ሳጥኑ ጠንካራ ነው፣ ትራንስፎርመሯም ትንሽ ብትሆን እውነተኛ ናት። የእሳቸው ሰዎች ደግሞ ለሚሠሩት ነገር ሁሉ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ አለስልሶ የሚሰጥ ሳጥን ያስፈልጋቸው ነበር፤ የፋብሪካው አይቀመስም። በጥራጊ ዋጋ ሸጥኩላቸው፤ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ሱቄ ውስጥ ሃያ ዘጠኙም ተፈቱና እንደገና ተሠሩ። ክዳናቸው ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ሥዕል ተለጠፈ። ነርሷ ሥዕሉ ላይ ስህተት አግኝታ አርማ ስሟን ጻፈችበት፤ ባለታክሲው የእሷን እርማት አርሞ ስሙን ጻፈ፤ በዚህ ምክንያት ለአንድ ሳምንት ተኳረፉ። ሲሚንቶውን በያጁ ወሰደው።

እኔ ከዚያ በኋላ መማል ተውኩ። ሰው ሲጠይቀኝ ዕቃውን ሰክቼ፣ በያጁን «በይድልኝ» ብዬ፣ መስመሩን አሳያለሁ። ይህ አሠራር ችግር የለውም አልልም። አንዱ መጥቶ «ኦሪጅናል ነው?» አለኝ። «ይኸው እየው» አልኩት። «ወላሂ በል።» «ማየት አይሻልህም?» «ካልማልክማ አንድ ነገር አለው» ብሎ ወጥቶ ሄደ። ከማዶው ሱቅ እየማሉ ሸጡለት።

እትዬ አስካለ ሲሄዱ ሽኝት አልፈለጉም። ጠረጴዛቸውን ለነርሷ ሰጡ፣ ባለጥንቸሉን ምሳ ዕቃ ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። በመስኮት «ሰይድ!» ብለው ጠሩኝና ምክር ሊሰጡኝ ነው ብዬ ስጠጋ «የሞተ ቴሌቪዥን ስታገኝ ላክልኝ፤ እዚህ የሚሞት አይጠፋም» አሉኝ። በስንት ሒሳብ ብላቸው «በኪሎ!» አሉ። አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ።

ሒሳቡ ይኸው ነው። የገዛሁት ሠላሳ። በጥራጊ ዋጋ የሸጥኩት ሃያ ዘጠኝ። ያለ ክፍያ የተካሁት አንድ። ኪሳራ። የፋጡማ ፍሪጅ ይሠራል።